«ዝም አይነቅዝም» ያለው ማነው?

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አበው። የተናገረ ሲነቀፍ፣ የተናገረ ሲከሰስ፣ የተናገረ ሲታሰር ያዩ አባቶች ናቸውና ይህን ቢሉ አይፈረድባቸውም። በዛሬው የኢንተርኔት ገበያ ግን ተረቱ አልሠራ ብሏል። ዝም ይነቅዛል! ያውም በየወሩ፣ ቀኑን ቆጥሮ ይነቅዛል። የሚበላው ደግሞ እህል ሳይሆን የዝምተኛውን ኪስ ነው።

ይኸውላችሁ፣ አሜሪካን አገር ቨርጂኒያ ውስጥ አረጋውያንን እየተንከባከበች የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለችኝ። ሌሊት እየሠራች ቀን የምትተኛ፣ ለእናቷ የምትልካትን ገንዘብ አንድም ወር አጓድላ የማታውቅ ታታሪ ሴት ናት። ባለፈው ክረምት ደወለችና «ወንድምዓለም፣ ተዘረፍኩልህ!» አለችኝ። ከሥራ ስትመለስ ጨለማ ውስጥ ሽጉጥ የደገኑባት መስሎኝ ክው አልኩ። «ተጎዳሽ እንዴ?» ብላት ሳቀች። «የዘረፈኝ ማጅራት መቺ አይደለም፤ ደረሰኝ የሚሰጥ ነው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለልጇ ጫማ በኢንተርኔት ትገዛለች። ልትከፍል ስትል «ለ30 ቀን የነጻ ሙከራ አባል ይሁኑ፤ ዕቃዎ ያለ ማድረሻ ክፍያ ይመጣል» የሚል ነገር በደማቅ ቀለም ብቅ ይልባታል። የማድረሻው ክፍያ 6 ዶላር ነበር። ነጻ ከተባለ ማን ይጠላል? ተጫነችው። ጫማው መጣ። ልጁ አደገና ጠበበው፤ ለጎረቤት ልጅ ተሰጠ። አባልነቱ ግን አልጠበበም። በ31ኛው ቀን 12 ዶላር ከ95 ሳንቲም ከካርዷ ተቆረጠ። በሚቀጥለውም ወር፣ ከዚያ በሚቀጥለውም... ስታውቀው 14 ወር ሞልቶት ነበር። 6 ዶላር አዳንኩ ብላ 181 ዶላር ከ30 ሳንቲም ከፈለች ማለት ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ይሏል ይኼ ነው።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ግን የገንዘቡ ነገር ሳይሆን ኩባንያው የሰጣት መልስ ነው። «እኔ መቼ ክፍያ ተስማማሁ?» ስትላቸው ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «አልፈልግም አላሉማ!»

አልፈልግም አላሉማ! ውድ አንባብያን፣ ይህችን አነጋገር እኛ እንኳ እናውቃታለን። ቀበሌ ስብሰባ ላይ እጁን ያላወጣ ሁሉ እንደ ደጋፊ ተቆጥሮ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ሲባል ስንት ጊዜ አጨብጭበናል? ከደመወዛችን መዋጮ ሲቆረጥ «የተቃወመ ሠራተኛ የለም» ተብሎ አልተጻፈብንም? ዝምታን እንደ ፊርማ መቁጠር በእኛ አገር የኖረ ጥበብ ነው። የባሕር ማዶ ነጋዴዎች በኮምፒዩተር አሻሻሉት እንጂ አልፈጠሩትም።

ለመሆኑ ሙከራ ከሆነ ካርድ ማስያዝ ለምን አስፈለገ? መርካቶ ማር ተራ ስትሄዱ ነጋዴዋ «በጣትዎ ይቅመሱ» ትላለች። ከተስማማችሁ ትገዛላችሁ፤ ካልተስማማችሁ ጣታችሁን ጠርጋችሁ መሄድ ነው። «ከመቅመስዎ በፊት ቦርሳዎን ያስይዙኝ፤ እስከ ማታ ተመልሰው ‘አልወደድኩትም’ ካላሉኝ በየወሩ የአንድ ኪሎ እቆርጣለሁ» ብትል ምን ትሏታላችሁ? የኢንተርኔቱ የነጻ ሙከራ ግን ልክ እንደዚህ ነው። የሚነገደው በማሩ አይደለም፤ በመርሳታችሁ ነው።

ይህ ደግሞ የአንዲት የደከማት ሴት ቸልተኝነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሴናተር ሮክፌለር የሚመሩት የአሜሪካ ሴኔት የንግድ ኮሚቴ ነገሩን ሲመረምር ጉድ አወጣ። ሰው ከታወቀ የኢንተርኔት ሱቅ ዕቃ ገዝቶ ሲጨርስ «የ10 ዶላር ቅናሽ ይውሰዱ» ይባላል። የኢሜይል አድራሻውን ብቻ ይጽፋል፤ ካርዱን ማንም አልጠየቀውም። ሱቁ ግን የካርዱን ቁጥር ከጀርባ ለሌላ ኩባንያ ያቀብለዋል! ከዚያ ስሙን እንኳ ለማያውቀው «የቅናሽ ክበብ» በየወሩ ይገብራል። ዌብሎያሊቲ፣ አፊንየንና ቨርትሩ የተባሉት ሦስት ኩባንያዎች በዚህ ዘዴ ከ1 ቢሊዮን 400 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሰብሰባቸውን ኮሚቴው ይፋ አደረገ። በ2010 መጨረሻ ላይ ሕግ ወጣ። የካርድ ቁጥር ከጀርባ ማቀበል ተከለከለ፤ የክፍያው ነገር በግልጽ ይነገር፣ ሰውየው ራሱ ይስማማ፣ መውጫውም ቀላል ይሁን ተባለ።

ሕጉ ከወጣ በኋላስ? በ2023 ሰኔ ወር የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አማዞንን «ፕራይም» በሚባለው አባልነቱ ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው ሰዎች ሳያውቁት አባል ይሆኑ ነበር፤ ሲያውቁት ደግሞ መውጫው አይገኝም። ለመሰረዝ 4 ገጽ ማለፍ፣ 6 ጊዜ መጫን፣ 15 ምርጫ መመልከት ያስፈልግ ነበር። የኩባንያው ሰዎች ይህን መንገድ ያወጡለት ስም «ኢሊያድ» ነው ይላል ክሱ። ኢሊያድ ማለት ስለ ረጅሙ የትሮይ ጦርነት የሚተርከው የሆሜር ግጥም ነው። እንግዲህ መግቢያው አንድ ጠቅታ፣ መውጫው የትሮይ ጦርነት!

በ2025 መስከረም ወር ጉዳዩ ፍርድ ቤት መሰማት እንደጀመረ አማዞን ጥፋቱን ሳያምን 2 ቢሊዮን 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። 1 ቢሊዮኑ ቅጣት ነው፤ 1 ቢሊዮን 500 ሚሊዮኑ ለ35 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች የሚመለስ። «አባል መሆን አልፈልግም» የሚል በግልጽ የሚታይ ቁልፍ እንዲያስቀምጥም ተገደደ። ደስ ይላል! ግን ለአንድ ሰው የሚደርሰው ቢበዛ 51 ዶላር ነው። ፕራይም ያኔ በወር 14 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነበርና ሳያውቅ አንድ ዓመት ለከፈለ ሰው ይህ የቁስሉን ሲሶ እንኳ አይሸፍንም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አይደል የሚባለው?

ያው ኮሚሽን «የገቡበትን ያህል በቀላሉ ይውጡ» የሚል ደንብም በ2024 አውጥቶ ነበር። ደንቡ ሊጸና ቀናት ሲቀሩት፣ በ2025 ሐምሌ ወር፣ የይግባኝ ፍርድ ቤት «ሥርዓቱን ጠብቆ አልወጣም» ብሎ ሻረው። ጀርመኖች ግን ከ2022 ሐምሌ ጀምሮ በኢንተርኔት በየጊዜው የሚከፈልበት ውል የሚያስገባ ነጋዴ የመሰረዣ ቁልፍም እዚያው እንዲያስቀምጥ በሕግ አስገድደዋል። ስለዚህ «አይቻልም» የሚባል ነገር የለም። ሲፈለግ ይቻላል!

እንግዲህ ሕጉ እስኪደርስልን ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ባሕር ማዶ ላላችሁ ወገኖች፣ የአክስቴ ልጅ በ181 ዶላር የገዛችውን ትምህርት በዚህች ጋዜጣ ዋጋ ውሰዱት።

አንደኛ፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ትልቁን «ነጻ» የሚለውን ቃል ሳይሆን ከሥሩ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ አንብቡ። ሙከራው መቼ ያልቃል? ከዚያ ስንት ይቆረጣል? ቀድሞ ምልክት የተደረገባት ሳጥን ካለች አጥፏት። «አይ፣ አመሰግናለሁ» የምትለዋ መስመር አብዛኛውን ጊዜ የደበዘዘችው ናት፤ ፈልጓት።

ሁለተኛ፣ በገባችሁበት ቀን ውጡ። ፕራይምን ጨምሮ ብዙዎቹ ዛሬውኑ «አይታደስ» ብትሏቸውም ሙከራው እስኪያልቅ ያገለግሏችኋል። አንዳንዶቹ ወዲያው ይቆርጡባችኋል፤ እነሱን ከሆነ ስልካችሁ ከማለቂያው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ እንዲጮህ አድርጉ። በአይፎን በኩል የገባችሁበት ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 24 ሰዓት ቀደም ብሎ መሰረዝ ግድ ነው።

ሦስተኛ፣ አፑን ከስልካችሁ ማጥፋት አባልነቱን መሰረዝ አይደለም። በዚህ የተሸወደው ሰው ብዛቱ! ካርድ መቀየርም አያድንም። ቪዛና ማስተርካርድ አዲሱን ቁጥር ለነጋዴው የሚያሳውቁበት አሠራር አላቸው፤ ካርዱ ሲታደስ ነጋዴው አብሮ ይታደሳል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ የሚለቀው ውሉ ሲሰረዝ ብቻ ነው። ስትሰርዙ የሚላክላችሁን ማረጋገጫ አስቀምጡ።

አራተኛ፣ ለሙከራ ዴቢት ካርድ አትስጡ፤ የሚቆረጠው በቀጥታ ከተቀማጫችሁ ነውና። አሜሪካን አገር ክሬዲት ካርድ ከሆነ ያልተስማማችሁበት ክፍያ ያለበት የሒሳብ መግለጫ ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ ለካርዱ ባንክ በጽሑፍ መቃወም ትችላላችሁ። ይህ እንዲሠራ ግን መግለጫው መነበብ አለበት። የአክስቴ ልጅ 14 መግለጫ ሳትከፍት አስቀምጣ ነበር። «ከሌሊት ሥራ ገብቼ እሱን ላነብ ነው እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እነሱም የሚተማመኑት በዚሁ ድካሟ ነው።

እዚህ አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ «እኛ ክሬዲት ካርድ የለን፤ ምን አገባን?» እንዳትሉ። እስቲ ስልካችሁን አውጡ! «ለ3 ቀን በነጻ፣ ከዚያ በቀን 2 ብር» የሚል ዓይነት መልእክት ከአጭር ቁጥር ያልደረሰው ማነው? ያቺው የነጻ ሙከራ ናት፤ ካርዷ የሞባይል ካርድ ሆነች እንጂ። የልጅቱ እናት፣ አክስቴ፣ «ካርድ ሞልቼ ሳልደውል ያልቅብኛል፤ ስልኩ ቀዳዳ አለው መሰል» እያሉ ስንት ወር አማረሩ። ስልኩን ተቀብዬ ባየው በየማለዳው ምክር እየላከ 2 ብር የሚነቅስ አጭር ቁጥር ተቀምጦበታል። በዓመት 730 ብር! ለማቆም በእንግሊዝኛ «ስቶፕ» ብሎ መላክ ነው። አክስቴ እንግሊዝኛ ቀርቶ አማርኛውንም ፊደል በመነጽር ነው የሚያዩት። ልጅቱ ቨርጂኒያ ላይ ተነቀሰች፣ የላከችው ገንዘብ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ተነቀሰ። በሁለቱም በኩል ወንጀላቸው አንድ ነው፤ ዝም አሉ።

የሚመለከተው ክፍል እስቲ ይስማን። የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ነጻው ጊዜ ሲያልቅ «ልቀጥል ወይ?» ተብሎ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም፣ ሰውየው በሚገባው ቋንቋ ይጠየቅ። «አዎ» ካለ ይቆረጥበት። ዝም ካለ ግን ዝምታው «አይ» ተብሎ ይቆጠር። ይህን ለማድረግ ኮሚቴ ማቋቋምም፣ ከውጭ አማካሪ መጥራትም አያሻም።

እርግጥ ነው፣ ለሚቆርጥ ሰው ዝምታን «አይ» ብሎ መቁጠር ያስፈራል። እንዲያ ከተቆጠረ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ የሚባለው ሁሉ ስንት እጅ እንደነበረው ይታወቃላ! እስከዚያው ግን የዝም ነቀዝ መድኃኒቱ በእጃችን ነው። በጊዜ «አልፈልግም» ማለት። በኢንተርኔቱም፣ በስልኩም፣ በስብሰባውም።

ልብ ያለው ልብ ይበል።