አማካይ ቁጥር ብቻ አይበቃም

በክፍላችን ስለ ካታሊስት ስንማር ጭቅጭቃችን ሁሉ ስለ ሪአክሽን ፍጥነት ነው። እንክብሉ ራሱ ስንት ጭነት ችሎ ይሰበራል ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም።

ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። አዋሽ መልካሳ ባለው ፋብሪካ ሰልፈሪክ አሲድ ሲመረት ኖሯል፤ ያለ ካታሊስት ደግሞ ሥራው አይታሰብም። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና ዳንጎቴ ግሩፕ ጎዴ ላይ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ለሚያመርት ፋብሪካ ተፈራርመዋል። ዩሪያ አሞኒያ ይፈልጋል፣ አሞኒያ ሃይድሮጂን ይፈልጋል። ሃይድሮጂኑ የሚገኘው የተፈጥሮ ጋዝና እንፋሎት የኒኬል ካታሊስት በተሞሉ ረጃጅም ቱቦዎች ውስጥ ሲያልፉ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ብረቱ ሲሞቅ ከሴራሚኩ እንክብል የበለጠ ይሰፋል፤ እንክብሎቹም ወደ ታች ይሰምጣሉ። ፋብሪካው ቆሞ ሲቀዘቅዝ ቱቦው ይጠብና ይጨፈልቃቸዋል። ስባሪውና ዱቄቱ የጋዙን መንገድ ይዘጋል፤ በቂ ጋዝ ያላገኘው ቱቦ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ከባሰም ይቀደዳል። ስለዚህ ፋብሪካ በቆመና በተነሳ ቁጥር የሚፈተነው የእንክብሉ ጥንካሬ ነው።

ፈተናው ራሱ ቀላል ነው። እርጥበት ውጤቱን ስለሚለውጥ እንክብሉ አስቀድሞ ይደርቃል። ከዚያ በሁለት ዝርግ ብረቶች መካከል ተደርጎ ጭነቱ በእኩል ፍጥነት ይጨመርበታል፤ የተሰበረበት ኃይል በኒውተን ይመዘገባል። በብዙ እንክብሎች ላይ ይደገማል። ታዲያ እኛ ምን እናደርጋለን? አማካዩን አውጥተን ሪፖርቱን እንዘጋለን!

ሁለት ጆንያ ካታሊስት አለን እንበል። የአንደኛው እንክብሎች ከ70 እስከ 90 ኒውተን፣ የሁለተኛው ከ20 እስከ 140 ኒውተን ባለው ውስጥ ይሰበራሉ። የሁለቱም አማካይ 80 ሊሆን ይችላል። ቱቦውን የሚዘጋው ግን በ20 የሚሰበረው ነው እኮ! እኔ ባደግሁበት በሰሃላ እርከን የሚክብ ገበሬ ከሥር ገብቶ የሚፈረፈረውን ድንጋይ እንጂ የድንጋዮቹን አማካይ አይፈራም። ስዊድናዊው ዋይቡል እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተመው የስርጭት ቀመርም ለእንዲህ ያለው ሥራ ያገለግላል። ቀመሩን በስታቲስቲክስ ኮርስ እንሸመድደዋለን፤ ላቦራቶሪ ስንገባ ግን እንረሳዋለን።

አንዳንድ ጓደኞቼ «የሲቪሎቹን መጭመቂያ ማሽን እንዋስ» ይላሉ። እሱ ኮንክሪት ለመስበር የተሠራ ነው፤ ለእሱ 80 ኒውተን ከምንም አይቆጠርም። የሚያስፈልገን አነስተኛ የጭነት መለኪያ፣ ሁለት የተስተካከሉ ብረቶችና በእጅ የሚዞር ጥርስ ያለው ዘንግ ነው። ከሜካኒካል ተማሪዎች ጋር ተባብሮ ለመሥራት የሚከብድ አይመስለኝም። የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ያልመረጣችሁ ካላችሁ ይህን ውሰዱት፤ መምህራንም በሚቀጥለው ሴሚስተር የላብ ሪፖርት ላይ ከአማካዩ ጎን ዝቅተኛውን ውጤትና ስርጭቱን ቢጠይቁን።