«እሺ» እና «ሰርዝ»

አንባቢ ሆይ! ከኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠህ አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ ብላ አንድ ነገር ስትጠይቅህ፥ የጠየቀችህን ሳታነብ «እሺ» ብለህ ያለፍህበት ቀን ስንት ነው? አትፈር፤ እኔም እንዳንተው ነኝ። ዛሬ ላጫውትህ ያሰብሁት ግን እንዲህ ያለችውን መስኮት ስለሚሠራው ሰው ነው። አምና ያ ሰው እኔ ነበርሁ፤ በሥራዬም የተነሣ አንዲት የማከብራቸው ሴት ያላጠፉትን ጥፋት ሊሸከሙ ነበር።

በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመዝገብ ቤቱን ሥራ የያዙት በዕድሜ የገፉ ወይዘሮ ናቸው፤ ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። ማርክ ሊስቱን ከየመምህሩ እየሰበሰቡ፥ ድምሩንና አማካዩን በካልኩሌተር እያወጡ፥ ሴሚስተር ባለቀ ቁጥር ሮስተር ሲሠሩ ያመሹ ነበር። እኔም በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሳለሁ ጥቂት ፕሮግራም መጻፍ ተምሬ ስለ ነበር፥ «ከዚህስ እኔ እገላግልዎታለሁ» ብዬ በፓይተን ቋንቋ አንድ ፕሮግራም ጻፍሁላቸው። መስኮቶቹንና ቁልፎቹን የሠራሁት ከፓይተን ጋር አብሮ በሚመጣው በቲኪንተር ነው። ሒሳቡ አንድም ስሕተት አልነበረበትም። ይህን ማለቴ መመጻደቅ አይደለም፤ ሒሳቡ ቀላሉ ክፍል ነው። የሚከብደው ሰውና ሒሳቡ የሚገናኙበት ፊት ነው። ባለሙያዎቹ «ዩዘር ኢንተርፌስ» ይሉታል፤ እኔ ግን «የፕሮግራሙ ፊት» ብለው ይሻለኛል፤ ፊት ይፈታል፥ ፊት ይኮሳተራልና።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳህ። በጥንቱ ዐይነት ፕሮግራም ጠያቂው ኮምፒዩተሩ ነበር፤ ስም ይጠይቃል፥ ትመልሳለህ፤ ዕድሜ ይጠይቃል፥ ትመልሳለህ። መስኮት ያለው ፕሮግራም ግን እንደ ግቢ ዘበኛ በር ላይ ተቀምጦ የሚያንኳኳውን ይጠብቃል። ማውሱን ስትጫን አንድ መልእክት ነው፤ ፊደል ስትመታ ሌላ መልእክት ነው። ዘበኛው መልእክቱን ተቀብሎ ለሚመለከተው ክፍል ያደርስና ወዲያው ወደ በሩ ይመለሳል። ዋናው ነገር መመለሱ ነው። እኔ ግን በመጀመሪያው ሥራዬ «ሮስተር አውጣ» የሚለው ቁልፍ ሲነካ ዘበኛውን ራሱን የመላ ትምህርት ቤቱን ማርክ እንዲደምር ላክሁት። በሩ ያለ ጠባቂ ቀረ፤ መስኮቱም ደረቀ። ዊንዶውስ አምስት ሰከንድ ያህል ጠብቆ መልስ ካጣ በመስኮቱ አናት ላይ «አይመልስም» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ይጽፍበታል። እትዬም ይህን አይተው «ሞተብኝ!» ብለው ገመዱን ነቀሉት።

መድኃኒቱ ከባዱን ሥራ «ትሬድ» ለሚባለው ሌላ ሠራተኛ ሰጥቶ ዘበኛውን በቦታው መተው ነው። ሠራተኛውም ሲጨርስ መስኮቱን በገዛ እጁ መነካካት የለበትም፤ ለዘበኛው መልእክት ይሰዳል እንጂ። ጃኮብ ኒልሰን የተባለው የዚህ ሙያ ሊቅ በ1993 ባወጣው መጽሐፍ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ነው) የሰውን ትዕግሥት በሦስት ልክ ሰፍሮታል። እስከ 0.1 ሰከንድ ያለው መዘግየት የቅጽበት ሥራ ይመስላል፤ እስከ 1 ሰከንድ ያለው ይታወቃል እንጂ ሐሳብን አያቋርጥም፤ ከ10 ሰከንድ ሲያልፍ ግን ልብ ወደ ሌላ ጉዳይ ይሄዳል። ስለዚህ ሥራው የሚረዝም ከሆነ ምን ያህል እንደ ቀረ ማሳየት ተገቢ ነው።

ይህንስ ቶሎ አረምሁት። ያላረምሁት ሌላ ነበር።

አንድ ክፍል በስሕተት ሁለት ጊዜ ቢመዘገብ ለማውጣት «ክፍል ሰርዝ» የሚል ቁልፍ አበጅቼ ነበር። ያስቀመጥሁትም «አስቀምጥ» ከሚለው ቁልፍ አጠገብ፥ አንድ ጣት በማይሞላ ርቀት ነው። ጨውና ስኳር በአንድ ዐይነት ጣሳ ጎን ለጎን እንደ ማኖር ቍጠረው። እኔ ግን በጥያቄ አጥሬዋለሁ ብዬ አልሠጋሁም። ቁልፉ ሲነካ አንዲት መስኮት ብቅ ትልና «የ9ኛ ለ ማርክ ይሰረዝ?» ትላለች፤ ከሥሯም ሁለት ቁልፎች አሉ፤ «እሺ» እና «ሰርዝ»።

ነገሩ የመጣው ከእንግሊዝኛው ነው። በዚያ ቋንቋ ሁለተኛው ቁልፍ «ሐሳቤን ትቻለሁ» ለማለት የቆመ ነው። እኔ ግን «ሰርዝ» ብዬ ተረጎምሁት፤ ጥያቄውን ሰርዝ ማለቴ ነበር። እትዬ የእንግሊዝኛውን አላዩም፤ ያዩት አማርኛዬን ነው። እስቲ አንተ በእርሳቸው ቦታ ሁን፤ ማርኩ እንዲጠፋ ካልፈለግህ «ሰርዝ» የሚለውን ትነካለህን? «እሺ» ደግሞ በኛ አገር ምን ያህል ሆደ ሰፊ ቃል እንደ ሆነ ታውቃለህ። ሰምቻለሁ ማለት ነው፤ ይሁን ማለት ነው፤ ነገ እንነጋገርበታለን ማለትም ነው፤ ባለጉዳይ ሆነህ ቢሮ ለቢሮ የተመላለስህ እንደ ሆነ አንዳንዴ አይሆንም ማለት እንደ ሆነም አትስተውም። እትዬም እጃቸው ስቶ «ክፍል ሰርዝ» የሚለውን ነክተው ኖሮ፥ «እሺ» ብለው መስኮቷን አሰናበቷት። የ58 ተማሪዎች ማርክ ጠፋ።

በማግሥቱ ርእሰ መምህሩ አስጠሯቸው። «ይሰረዝ ወይ ብሎ ጠይቆዎታል፤ እርስዎም እሺ ብለዋል» አሏቸው። እትዬ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «አርጅቼ ይሆናል» አሉ። ጡረታቸው ሁለት ዓመት ቀርቶት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከማኅደራቸው ሊገባ ሆነ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበርሁ፤ አንድ ቃል አልተነፈስሁም። ልቤ «ጠይቄያቸዋለሁኮ» ይል ነበር። ይህን ስጽፍልህ ዛሬም ያፍረኛል።

ማታ እንቅልፍ እንቢ ቢለኝ ስለዚሁ ሙያ ታሪክ ማንበብ ጀመርሁ። አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1983 ሊዛ የምትባል ኮምፒዩተር በ9,995 ዶላር ለገበያ አውጥቶ ነበር። ከመውጣቷ በፊት ላሪ ቴስለር የተባለው ባለሙያ ለነገሩ እንግዳ የሆኑ ሰዎችን ከፊቷ እያስቀመጠ ሲሠሩ ይመለከት ነበር። በዚያ ጊዜ የማጽደቂያው ቁልፍ «ዱ ኢት» የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ «አድርገው» ማለት ነው። ከተፈታኞቹ አንዱ እየተናደደ ሄደ። ምን ሆነሃል ቢባል «ፕሮግራሙ ዶልት ለምን ይለኛል?» አለ፤ ዶልት ማለት ደደብ ማለት ነው። ለካ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ክፍተት ጠብቦ፥ ትልቁ «አይ» የሚባለው ፊደል ትንሹን «ኤል» መስሎ፥ ትእዛዙ ስድብ ሆኖ ይነበብ ኖሯል። ሰውዬውን አስተውለህ አንብብ ብለው አልገሠጹትም። ቃሉን ጣሉትና በፋንታው «ኦኬ» ብለው ጻፉበት።

ይኸው ቴስለር ከዚያ በፊት በካሊፎርኒያ በዜሮክስ የምርምር ማእከል ሠርቷል። እዚያ ብራቮ የሚባል የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ነበረ፤ በእርሱ ዘንድ አንዱ ፊደል አንድ ጊዜ ፊደል፥ ሌላ ጊዜ ትእዛዝ ነበር። ትእዛዝ በሚጠበቅበት ሰዓት አንድ ሰው «ኤዲት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ቢመታ፥ «ኢ» ሁሉን ምረጥ፥ «ዲ» አጥፋ፥ «አይ» ጨምር ይሆንና ጽሑፉ በሙሉ ጠፍቶ «ቲ» የምትባል ፊደል ብቻዋን ትቀራለች። ቴስለር ከቲም ሞት ጋር ሆኖ ጂፕሲ የተባለውን ፕሮግራም የሠራው ይህን ሁለት ፊትነት ለማስቀረት ነው። ጠላትነቱም ከባድ ስለ ነበር በመኪናው ታርጋ ላይ እንኳ «ኖ ሞድስ» አስጽፎበታል። እኔም የራሴን «ሰርዝ» አስታወስሁ፤ እርሷም አንዲት ቃል ሆና ሁለት ሥራ ይዛ ነበር።

ሲነጋ የዚያችን መስኮት ሥዕል በወረቀት አትሜ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ገባሁ። «ማርኩ እንዳይጠፋ ቢፈልጉ የትኛውን ይነካሉ?» አልኋቸው። ጣታቸው ሄዶ «እሺ» ላይ አረፈ። ቀና ብለው አዩኝ፤ «ፕሮግራሙን የጻፍኸው አንተ አይደለህምን?» አሉ። «እኔ ነኝ» አልሁ። ደብዳቤው ቀረ። ማርኩን ግን ከየመምህሩ ሊስት እንደ ገና እየሰበሰብን ከእትዬ ጋር ሁለት ማታ ስናስገባ አመሸን።

ከዚያ በኋላ ፊቱን እንደ አዲስ ሠራሁት። ፖል ፊትስ በ1954 እንዳሳየው፥ ዒላማ በራቀና ባነሰ መጠን እጅ ለመድረስ ይዘገያል፤ ስለዚህ ማጥፊያውን አሳንሼ ከማስቀመጫው አራቅሁት። ቃሉንም «ማርኩን አጥፋ» እና «ይቆይ» አደረግሁት። ቆይቶ ግን ጥያቄውን ጭራሽ አነሣሁት፤ መቶ ጊዜ ተጠይቆ መቶ ጊዜ እሺ ያለ ሰው መቶ አንደኛውን አያነበውማ! በፋንታው «መልስ» የሚል ቁልፍ አቆምሁ። ፕሮግራሙ ማንኛውንም ሥራ ሲሠራ ያንኑ ሥራ የሚያፈርሰውን አብሮ ይመዘግባል፤ መዝገቡም እንደ እንጀራ ድርብርብ ነው፥ ኋላ የተነባበረው ቀድሞ ይነሣል። ማርኩም እውነት አይጠፋም፤ «ወጥቷል» የሚል ምልክት ተደርጎበት ይቀመጣል እንጂ።

ሲያልቅ እንደ ቴስለር ልሞክረው ብዬ ከእትዬ ኋላ ግማሽ ሰዓት ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ዝምታ እንዲህ አድካሚ መሆኑን አላውቅም ነበር። ዓይናቸው ቁልፉን ሲፈልግ ጣቴ ይበላኛል፤ «ያውና!» ልል ስል ምላሴን እነክሳለሁ። አንድ ክፍል አጠፉ፥ «መልስ» አሉት፥ ተመለሰ፤ ፈገግ አሉ። ከዚያ የአንድ አዲስ ተማሪ የልደት ቀን ላይ ደርሰው ቆሙ።

«መምህር፥ ወሮችህ ዐሥራ ሁለት ብቻ ናቸው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከተዘጋጀው የፈረንጅ ካሌንደር ላይ የወሮቹን ስም ብቻ ለውጬ ጳጉሜን ረስቻለሁ። «ይህ ልጅ የተወለደው ጳጉሜን 3 ቀን ነው። የት ላግባው?»

«እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ሲመጣ ምን ያደርጉ ነበር?» አልሁ።

«ነሐሴ 30 እላቸው ነበር፤ ኮምፒዩተሩ እንዲያ የሚፈልግ መስሎኝ» አሉና በጥንቱ መዝገባቸው ጀርባ በእርሳስ የጻፉትን ስም ዝርዝር አሳዩኝ። ሰባት ልጆች ነበሩ።