ቦርጭና አእምሮ

በሐሙሲትም ሆነ በባሕር ዳር ሰው ሲወፍር «ተመችቶሃል» እንለዋለን፤ ቦርጭ የድሎት ምልክት ሆኖ ቆይቷልና። ይሁን እንጂ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ከልብ አልፎ አእምሮንም ይጎዳል። እንዴት? የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን ይጋብዛል፤ እነርሱም ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱትን ቀጫጭን ሥሮች ያበላሻሉ። ሌሊት ትንፋሽ እየተቆራረጠ እንቅልፍ ሲጎድልም ቀን ላይ ማተኮር ያዳግታል።

በ2024 እ.ኤ.አ. ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡና ሊታረሙ ከሚችሉ 14 ምክንያቶች መካከል የጎልማሳነት ዘመን ውፍረትን ቆጥሮታል። በአገራችንም በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የከተማ ሴቶች 21 በመቶው ከልክ ያለፈ ክብደት ነበራቸው፤ የገጠሮቹ ቁጥር ግን ከዚህ እጅግ ያንሳል።

ይህ ሲባል ወፍራም ሰው አስተዋይ አይደለም ማለት አይደለም፤ በሰው ገላ መሳለቅም ነውር ነው። ይልቅስ ለቅርብ መንገድ ባጃጅ ከመጠበቅ በእግራችን እንሂድ፤ በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ሳምቡሳውንና ጣፋጩን እንቀንስ፤ ግፊታችንንና ስኳራችንን በጤና ጣቢያ እንለካ። ሆድን ሳይሞሉ ከማዕድ መነሣት ከዲናችን የተማርነው ነውና ከቤታችን እንጀምር። አላህ ጤናውን ይስጠን።