ኮምፒዩተሩ የማያውቃቸው በዓላት

የዛሬ ነጋዴ ቀጠሮውን የሚይዘው በኮምፒዩተርና በሞባይል ሆኗል። ባንኮች በየዓመቱ የሚያድሉት የግድግዳ ካላንደር ከቢሮው ባይወርድም፣ የኤልሲ ማብቂያ ቀንና የመርከብ መነሻ የሚመዘገበው በአውትሉክ ወይም በጉግል ካላንደር ላይ ነው። ፕሮግራሞቹ የአገሮችን በዓላት ለመጨመር የሚያስችል ዝርዝር አላቸው። «ኢትዮጵያ» ላይ ምልክት ማድረግ፣ ቀጥሎ «ጀርመን»፣ ቀጥሎ «ቻይና» እያሉ መሄድ ነው። ሥራው በዚህ ያበቃ ይመስላል። ይህ ጸሐፊ ግን አላበቃም ባይ ነው፤ ምክንያቱም ዝርዝሩ የሚያውቀው አገርን ነው፣ ንግድ የሚፈጸመው ግን በከተማ ነው።

ለመሆኑ ልዩነቱ ምንድነው? ባንኮች ለኤልሲ የሚገዙበት ዩሲፒ 600 የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ከጁላይ 1 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። ይህ ደንብ «የባንክ የሥራ ቀን» ሲል የአገር ስም አይጠራም። ድርጊቱ በሚፈጸምበት ቦታ ባንክ በመደበኛነት የሚከፈትበትን ቀን ነው የሚለው። ቡናችንን በብዛት ከሚገዙን አገሮች አንዷ የሆነችውን ጀርመንን እንውሰድ። አገሪቱ 16 ክፍላተ ሀገር አሏት፤ የየራሳቸውም በዓል አላቸው። ሐምቡርግ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦክቶበር 31ን የበዓል ቀን አድርጋለች፤ በዚያው ቀን ፍራንክፈርት ሥራ ላይ ነች። በአንጻሩ ከእነርሱ ፋሲካ 60 ቀን በኋላ የሚውለው የቅዱስ ቁርባን በዓል፣ ሁልጊዜም ሐሙስ ነው፣ በፍራንክፈርት ይከበራል፤ የሐምቡርግ ሰው ግን ቢሮው ይገባል። ሰነድዎን ሰኞ የተቀበለ ባንክ ለመመርመር እስከ 5 የሥራ ቀን ጊዜ ይሰጠዋል። ያ ሐሙስ በመካከል ከገባ የሐምቡርጉ ባንክ ጊዜ በሚቀጥለው ሰኞ ሲያበቃ የፍራንክፈርቱ እስከ ማክሰኞ ይሄዳል። በኮምፒዩተሩ ዝርዝር ላይ ሁለቱም «ጀርመን» ናቸው።

የዱባይ ነጋዴዎቻችን ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቁታል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ፌዴራል መንግሥት ከጃንዋሪ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዕረፍት ቀኑን ወደ ቅዳሜና እሑድ ሲያዛውር ዓርብን ግማሽ የሥራ ቀን አድርጎ ትቶታል። የሻርጃ መንግሥት ግን ዓርብንም ጨምሮ 3 ቀን ያርፋል። ከዱባይ ሻርጃ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነች ለአንባቢያን መንገር አያስፈልግም። በዚህ ላይ ጅቡቲ ዓርብ ዝግ መሆኗን፣ እኛ ደግሞ ቅዳሜ ባንክ ከፍተን እሑድ መዝጋታችንን ሲጨምሩበት፣ ሁሉም ወገን በአንድነት ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ስንት እንደሚቀር ማስላት ነው።

አንድ ቀን ቢዘገይ ምን ይመጣል የሚል ሰው አይጠፋም። የክፍያ አንድ ቀን መዘግየት አይገድልም እንበል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ዩሲፒ 600 የኤልሲው ማብቂያ ቀን ባንክ በተዘጋበት ዕለት ከዋለ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይዛወራል ይላል። ብዙ ሰው ይህን ይዞ በዓል ሁሉንም ቀን ያራዝማል ብሎ ያስባል። አያራዝምም። ያው አንቀጽ የመጨረሻው የጭነት ቀን በዚህ ምክንያት እንደማይራዘም ለይቶ አስቀምጧል። መኪናው በበዓል ምክንያት ከመጋዘን ሁለት ቀን ዘግይቶ ወጥቶ፣ ዕቃው ጅቡቲ ሲደርስ መርከቡ ሄዶ ከቆየ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ የሚጻፈው ቀን ከኤልሲው ያልፋል። ባንኮች ዲስክሬፓንሲ የሚሉት ይህ ነው። ገዢው በዚያን ሰሞን ዋጋ ወርዶ ከጠበቀው ሰነዱን አልቀበልም ሊል፣ ወይም «ቀንስልኝና ልቀበል» ሊል ይችላል። ድርድሩ የሚጀመረው እንግዲህ ዕቃው ባሕር ላይ ሆኖ ነው።

ወደ ራሳችን በዓላት ስንመጣ ኮምፒዩተሩ ጭራሽ ግራ ይጋባል። አንድ የቢሮ ጸሐፊ ጥምቀትን «ጃንዋሪ 19፣ በየዓመቱ ይደገም» ብላ ብትመዘግብ ሦስት ዓመት ትክክል ሆና በአራተኛው ትሳሳታለች። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ጥር 11 የሚውለው ጃንዋሪ 20 ነውና፤ በ2016 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነው። ገና ደግሞ በተቃራኒው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 28 ይከበርና ከጃንዋሪ 7 ንቅንቅ አይልም። ነገሩን የኮምፒዩተር ባለሙያዎች አልዘነጉትም፤ የካላንደር ፕሮግራሞች የሚግባቡበት ደንብ በ2015 እ.ኤ.አ. ሲሰፋ የእኛን አቆጣጠር አካቷል፤ አሥራ ሦስተኛዋ ወራችንም በምሳሌነት ገብታበታለች። ደንቡ መጻፉ ብቻ ግን ነጋዴው ፊት ባለው ስክሪን ላይ ለውጥ አያመጣም።

ከሁሉም የሚከብደው የክልል በዓል ነው። የሲዳማን ፍቼ ጨምበላላ ቀን የሚወስኑት አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ኮከብ አይተው ነው። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. የመዘገበው ይህ በዓል በማንኛውም ፋብሪካ በተሠራ ካላንደር ላይ አስቀድሞ ሊታተም አይችልም፤ ሐዋሳ ላይ ሠራተኛ የቀጠረና ከሲዳማ ቡና የሚያስጭን ግን ሊያውቀው ይገባል። ኢሬቻ በቢሾፍቱ የሚውለው በዕረፍት ቀን ስለሆነ ባንክን አይነካም፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ከባድ መኪናን ግን ይነካል። አሸንዳ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ነው። የእስልምና በዓላትም በጨረቃ መታየት ይወሰናሉ።

ታዲያ ይህን ማን ይሥራው? የአውትሉክ የበዓላት ፋይል ማንኛውም ጸሐፊ ከፍቶ ሊያስተካክለው የሚችል ተራ ጽሑፍ ነው፤ የበዓሉ ስም፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ቀኑ። የአዲስ አበባ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት ወይም የባንኮች ማኅበር በየነሐሴው አንድ ፋይል አዘጋጅቶ ለአባላቱ ቢበትን ወጪው ከአንድ ስብሰባ የሻይ ቡና አይበልጥም። ቀናቸው ያልታወቁት «ይጠበቃል» ተብለው ሁለት ቀን ይያዝላቸው፤ ሲታወጅ ይታረማል። ቀኑ ስላልተቆረጠ አንጽፈውም የሚለው ክርክር ለዚህ ጸሐፊ አይዋጥለትም። የምንዛሪ ዋጋም ነገ ምን እንደሚሆን አይታወቅም፤ ነጋዴ ግን ግምቱን ሳይዝ ውል አይፈርምም።

እስከዚያው ድረስ አስመጪውም ላኪውም በአገር ፋንታ በቦታ የተለየ ካላንደር ይክፈት፦ አንድ ለሐምቡርግ፣ አንድ ለሻርጃ፣ አንድ ለጅቡቲ፣ አንድ ለሐዋሳ። ደላላም ቢሆን ውል ሲያገናኝ የመጨረሻው የጭነት ቀን በእነዚህ ላይ የት እንደሚያርፍ አይቶ ይናገር፤ ኮሚሽኑ ላይ ይህም ይታሰብለት። በ2020 ዓ.ም. ጥምቀት የሚውለው ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2028 ነው። ስክሪንዎ ረቡዕ ይል እንደሆነ ዛሬውኑ ይመልከቱት።