«ጋራንቲው አዲስ አበባ ነው»

ወገን፣ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ግራይንደር ነው። አዎ፣ ስለ ግራይንደር። ስለ ዓድዋ ስንጽፍ ሼሩ እንደሚጎርፍ እናውቃለን፤ ስለ ፒንሳና ካቻቪቴ ሲሆን ማን ያነባል ትሉ ይሆናል። እስቲ ታገሡኝ። «ሥራ ጠባቂ አትሁን፣ ሥራ ፍጠር» የተባለ ወጣት ሁሉ የመጀመሪያ ብሩን የሚያፈስሰው እዚህ ዕቃ ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን ኪሳራም የሚቀምሰው እዚሁ ነው።

ከተመረቅን በኋላ ሥራ ስንፈልግ ከርመን፣ ሦስት ጓደኛሞች ሮቤ ላይ የበርና የመስኮት ብየዳ ለመጀመር ተስማማን። አንዱ የጎባ ልጅ ነው፣ አንዱ የብድሬ። ገንዘቡ ከየት መጣ? ከእናቴ ዕቁብ፣ የብድሬው ልጅ አባት ከሸጡት ወይፈን፣ የጎባው ልጅ ደግሞ አንድ መኸር ሙሉ ኮምባይነር ላይ ጆንያ ሲይዝ ካጠራቀማት። በዚያ ብር ከገዛናቸው ዕቃዎች አንዷ ግራይንደር ናት። ካርቶኗ ላይ በትልቁ «የጀርመን ቴክኖሎጂ» ይላል፤ ውስጧ የስድስት ወር ጋራንቲ ካርድ አለ።

በዘጠነኛው ቀን ቱቦላሬ እየቆረጥን ጭስ አወጣች። ወስደን ባለ ሱቁን «ጋሼ፣ ተቃጠለች እኮ» ስንላቸው ተቆጡ ብላችሁ አታስቡ፤ በጣም ትሁት ናቸው። «ልጆቼ፣ ጋራንቲው አዲስ አበባ ነው፣ አስመጪው ጋ። ደረሰኝ ይዛችኋል?» አሉን። ደረሰኝ የለንም። ስንገዛ «በደረሰኝ ከሆነ እንዲህ፣ ያለ ደረሰኝ ከሆነ እንዲህ» ተብለን፣ የ15 በመቶ ቫቷን ለማትረፍ ያለ ደረሰኝ የመረጥነው እኛው ነን። የጋራንቲ ካርዱ ላይ ማኅተም የለም፣ የተሸጠበት ቀን አልተሞላም፣ ያለው አንድ ስልክ ቁጥር ነው። ስልኩ አይሠራም።

ጎባ ሞተር የሚጠቀልል ሰው ጋ ወሰድናት። ከፍቶ ሽቦውን በምላጭ ፋቅ አደረገና አሳየን፤ ላዩ ቀይ ነው፣ ውስጡ ነጭ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ማለት ነው። አሉሚኒየም ከመዳብ ይልቅ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ በዚያው ውፍረት ሲጠቀለል ሞተሩ ቶሎ ይግላል። እዚህ ላይ የሮቤን ከፍ ዝቅ የሚል መብራት ጨምሩበት። ዘጠኝ ቀን መቆየቷም ጀግና ናት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ፤ እኔም ያወቅሁት ከተቃጠልኩ በኋላ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል ሕግ አለ። የገዛኸው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት፣ በገዛህ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥልህ ወይም ገንዘብህ እንዲመለስልህ መጠየቅ ትችላለህ ይላል። ከሻጩ የተሻለ ዋስትና ካለህ ደግሞ እሱ ይጸናልሃል። የምትጠይቀው ማንን ነው? የሸጠልህን ሰው። መርካቶ ያለውን አስመጪ አይደለም፣ ሱዙ ያለውን ፋብሪካም አይደለም። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ስለተለጠፈ አዋጁ አይሰረዝም። አዋጁ ዕቃው ላይ የተሠራበት አገርና የዋስትናው ሁኔታ እንዲገለጽ ያዛል፤ ስለ ዕቃው መነሻ ውሸት መናገርንም ይከለክላል። ከዚያም በፊት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ መድን ነው ብሎ ደንግጓል። እኛ ዘጠነኛው ቀን ላይ ነበርን። ስድስት ቀን ይቀረን ነበር፤ ግን መግዛታችንን የምናስረዳበት ወረቀት የለንም። ቫቷን አተረፍን፣ ግራይንደሯን ከሰርን።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ ደረሰኝ ኖሮንም ነገሩ ቀላል አይሆንም ነበር። ዕቃው ከመርካቶ ሮቤ ይመጣል፣ ከሮቤ ጎባ፣ ከጎባ የሳነቴን ብርድ ተሻግሮ ደሎ መና፣ ከዚያ ብድሬ። በየመንገዱ እጅ ሲቀያይር ካርዱ ይጠፋል፣ ካርቶኑ ይቀደዳል፣ ዋጋው ብቻ ይጨምራል። ብድሬ ያለ ልጅ የተቃጠለች ድሪል ይዞ፣ ለጋራንቲ ብሎ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል? ትራንስፖርቱና አልጋው የድሪሏን ዋጋ ይበላዋል። ስለዚህ እንደ እኛ አገር ቤት ላለ ሰው እውነተኛው ጋራንቲ መለዋወጫ ነው። ከመግዛትህ በፊት ባለ ሱቁን «ስንት ወር ጋራንቲ አለው?» ብለህ አትጨርስ፤ «ካርቦኑ፣ አርማቸሩ፣ ማብሪያ ማጥፊያው እዚሁ ሮቤ ይገኛል?» በለው። ካርቦን የሚያልቅ ነገር ስለሆነ አብዛኛው ጋራንቲ እሱን አይጨምርም፤ ከመጠን በላይ ተሠርቶበት የተቃጠለ ሞተርንም እንዲሁ። ካርዱ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው እሱ ነው።

መነሻውስ? እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም በየገጹ የሚዞረው ወሬ ራሱ ያሳስታል።

«ባርኮዱ በ69 ከጀመረ ቻይና ነው፣ በ40 ከጀመረ ጀርመን ነው» የሚል ምስል ሼር ያላደረገ አለ? ውሸት ነው። የባርኮዱ መነሻ ቁጥር የሚነግርህ ኩባንያው ቁጥሩን ያወጣው በየትኛው አገር ቢሮ በኩል እንደሆነ ነው እንጂ ዕቃው የት እንደተሠራ አይደለም። «ሲኢ» የሚለው ምልክት ሁለት ዓይነት አለው፣ አንዱ «ቻይና ኤክስፖርት» ማለት ነው የሚለውም ተረት ነው። ምልክቱ ዕቃው የአውሮፓን ደንብ ያሟላል የሚል የአምራቹ ቃል ነው፤ አብዛኛው የእጅ መሣሪያ ላይ ራሱ አምራቹ ነው የሚለጥፈው፣ የመረመረው ሌላ ወገን አለ ማለት አይደለም። አጭበርባሪ ደግሞ ቀለምና ማተሚያ አያጣም። «ሜድ ኢን ፒ.አር.ሲ» ካለህ ደግሞ ሌላ አገር እንዳይመስልህ፤ የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ማለት ነው። «የጀርመን ቴክኖሎጂ»፣ «የጃፓን ስታንዳርድ» የሚሉት ስለተሠራበት አገር ምንም አይነግሩህም። ልክ እኔ «የኦክስፎርድ ደረጃ ተመራቂ» ነኝ እንደ ማለት ነው።

እና ቻይና መሆኑ ራሱ ነውር አይደለም። የጃፓኑ ማኪታ ቻይና ኩንሻን ፋብሪካ አለው፣ የጀርመኑ ቦሽ ሃንግዡ። እዚህ በየሱቁ የምናያቸው ቶታልና ኢንግኮም መቀመጫቸው ቻይና ሱዙ ነው። ፋብሪካው የታዘዘውን ነው የሚሠራው፤ በመዳብ ካልከው በመዳብ፣ በተቀባ አሉሚኒየም ካልከው በተቀባ አሉሚኒየም። «ለኢትዮጵያ የመጨረሻው ርካሽ ይበቃል» ብሎ ያዘዘው ሰው ፓስፖርቱ የማን እንደሆነ እናንተው አስቡት። ገጻችን ላይ ሁልጊዜ ጣታችን ወደ ውጭ ነው የሚጠቁመው፤ አንዳንዴ ወደ ቤት ብንመልሰው ምን አለበት።

አንድ ታሪክ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ ቢላዋ ሠሪዎች፣ የጀርመን ዞሊንገን ሠሪዎች ርካሽ ቢላዋ ላይ የሼፊልድን ስም እየቀረጹ ገበያችንን ዘረፉን ብለው ጮኹ። እንግሊዝ በ1887 እ.ኤ.አ. ሕግ አወጣች፤ የውጭ ዕቃ የተሠራበት አገር ይጻፍበት ተባለ። «ሜድ ኢን ጀርመኒ» የሚለው ጽሑፍ መጀመሪያ የውርደት ምልክት እንዲሆን ነበር የታሰበው። ጀርመኖቹ ግን ዕቃቸውን አሻሻሉ፤ ጽሑፉ የክብር ስም ሆነ። ይኸው ዛሬ ሮቤ ላይ ካርቶን የሚያሻሽጠው ያ ስም ነው። እኛም ከ2014 ጀምሮ «ኢትዮጵያ ታምርት» እያልን ነው፤ ደስ ይላል። ግን «ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ ምን ማለት እንዲሆን ነው የምንፈልገው? አቃቂ ላይ የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ነበረን፣ «የእጅ መሣሪያዎች» የሚለው በስሙ ውስጥ አለ። በ2002 ሜቴክ ሥር ገባ፤ የሜቴክን መጨረሻ ደግሞ በ2011 ሁላችንም በቴሌቪዥን ያየነው ነው።

ሮቤ ገበያ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ አሉ። ከአሮጌ አይሱዙ ባሌስትራ መጥረቢያ ይሠራሉ። ባሌስትራ ሲግልና ሲነከር የሚጠነክር ብረት ነው፤ ስለት ይይዛል። ከጎናቸው ያለው ሱቅ ቀይ ቀለም የተቀባ ከውጭ የመጣ መጥረቢያ ይሸጣል። ሞረድ ይዤ ሁለቱንም ስለት ሞከርኩ። የሱቁን እንደ ቅቤ በላው፤ የአባባን ግን ሞረዱ አንሸራተተው። «አባባ፣ ጋራንቲ አለው?» አልኳቸው እየሳቅኩ። «ከታጠፈ አምጣው፣ መልሼ እነክረዋለሁ» አሉኝ። ካርድ የለም፣ ደረሰኝም የለም፤ ሰውዬው ግን እዚያው አሉ። እኚህን የመሰሉ ሰዎች ነው ለዘመናት «ቡዳ» እያልን ስንሸሻቸው የኖርነው። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አዋጅ አውጥተዋል። መቶ አመት አልፎታል፤ እስቲ ስንቶቻችን ልጃችንን ቀጥቃጭ ጋ እናስተምራለን?

ሞረዷን ለራሳችሁም ያዟት። የቁልፍ ራስ ላይ «ክሮም ቫናዲየም» ተጽፎ ብልጭ ስላለ አትመኑ፤ ለስላሳ ብረት ላይም ክሮም ይለበጣል። በማይታይ ጥግ ላይ ሞረድ ስትሞክር ቶሎ ከተፋቀ፣ ቡሎን ላይ አፉ ይከፈታል። ግራይንደር ስትገዛ በእጅህ መዝነው፤ መዳብ ከባድ ነው።

አንድ ነገር ግን በቀልድ አላልፈውም። ዲስክ። የ115 ሚሊ ሜትር መቁረጫ ዲስክ ላይ በደቂቃ 13,300 ዙር የሚል ታገኛለህ፤ ያ ማለት ጠርዙ በሰከንድ 80 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። የ230ው ዲስክ የሚፈቀድለት ግን 6,600 ገደማ ነው። «ቶሎ ይቆርጣል» ብሎ መከለያውን አውልቆ ትልቅ ዲስክ ትንሽ ግራይንደር ላይ የሚያስር ልጅ፣ ፊቱ ፊት ለፊት ቦምብ እያሽከረከረ ነው። መሐሉ ላይ ያለችው የብረት ቀለበት ላይ ቀን አለ፣ የሚያበቃበት ነው፤ ካለፈ ማጣበቂያው ስለሚደክም አትግዙት። ቀኑ የተፋቀ ካገኛችሁ ደግሞ ሱቁን ለቃችሁ ውጡ። ዲስክ ሲፈነዳ ዓይን ነው የሚሄደው፤ የዓይን ጋራንቲ አዲስ አበባም የለም።

«ውድ ነው፣ ርካሹን ካልገዛን በምን እንጀምር?» ትላላችሁ። እውነት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተከትሎት ወጣ። እኛም ሁለተኛዋን ግራይንደር የገዛነው ከመጀመሪያዋ እጥፍ በሚጠጋ ዋጋ ነው። ለዚያ ብር ሁለት ወር ጎተራ ሲጠገን ብሎኬት ተሸክመናል። ካርቶኗ ላይ የምታወራው የላትም፣ ቻይና ነኝ ትላለች፤ ካርቦኗ ከእኛ ሁለት ሱቅ አልፎ ይሸጣል። ደረሰኝ አስቆረጥን። ባለ ሱቁ ካርዱ ላይ ቀኑን ሞልቶ ማኅተም እስኪመታ ቆምን፤ ትንሽ ተነጫነጨ፣ መታ።

የመጀመሪያዋን አልጣልናትም። መከለያዋንና እጀታዋን ለመለዋወጫ አስቀርተን፣ ቀሪውን የብድሬው ልጅ ሞተር መጠቅለል ልማርባት ብሎ ወስዷታል። ደረሰኙ ዲግሪዬ ያለበት ክላሰር ውስጥ ነው።