ተራው የማን ነው?

አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። ዛሬ ስለ ሐይቅ፣ ስለ ደንና ስለ ፈረስ መንገድ ልጽፍ ተነሥቼ በአጥር መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም።

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ለሚጓዝ ሰው ተፈጥሮ ምንም አልነፈገችውም። ጊንጪ ሲደርስ በስተደቡብ የደንዲ መንታ ሐይቆች፣ በስተሰሜን የጭሊሞ ደን አሉ። አምቦ ሲገባ ፍል ውኃው፣ ጥቂት ሲያልፍ የጉደር ፏፏቴ፣ ወደ ሸነን ሲዘልቅ ደግሞ የጅባት ደን ይጠብቁታል። ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ የታጠፈ እንደሆነ 3 ሺህ ሜትር ሊሞላ ጥቂት በቀረው ከፍታ ላይ፣ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛው ወንጪ፣ በደሴቱ ላይ ካለው የቂርቆስ ገዳም ጋር ይቀበለዋል።

ይህን ሁሉ «ሊጎበኙ የሚገባቸው ሥፍራዎች» ብሎ መደርደር ቀላል ነው። ከድርድሩ ሁልጊዜ የሚጎድለው ግን ባለቤቱ ነው። ሥዕል የመሰለን ገደል የአንዱ ገበሬ የእንሰት ማሳ፣ የሌላው የከብት ውኃ መውረጃ መሆኑን እንዘነጋለን። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ተረት ለእኛም ይሠራል።

ገደሉን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ ተማሪዎች አደባባይ የወጡት የከተማዋ የኳስ ሜዳና የጭሊሞ ደን ለባለሀብት ሊሰጡ ነው በሚል ቁጣ ነበር። ተቃውሞው ከአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ጉዳይ ጋር ተጋጥሞ ኦሮሚያን አዳረሰ፤ የብዙ ወጣቶች ደም ፈሰሰ። በጥር 2008 ዓ.ም. ማስተር ፕላኑ ቀረ፤ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። የመንግሥቱ መናጋት ሌላም ብዙ ምክንያት እንደነበረው አልክድም። ይሁንና እሳቱ የተጫረው ሰው «የእኔ» በሚለው ሜዳና ደን ላይ መሆኑን ማን ይክዳል?

እንግዲህ የሚገርመው፣ ያው ጭሊሞ የተቃራኒው ትምህርት ቤትም መሆኑ ነው። ከ1988 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ነዋሪዎች ተደራጅተው ደኑን ከመንግሥት ጋር በውል እየጠበቁ የሚጠቀሙበት አሠራር በአገራችን መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ሥፍራዎች አንዱ እርሱ ነው። ወንጪም ቢሆን ዓለም ሳያውቀው አስቀድሞ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ገበሬዎቹ ማኅበር አቁመው፣ ፈረስ ጫኙ፣ ጀልባ ቀዛፊውና መንገድ መሪው በየተራቸው እንግዳ ያስተናግዱ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ሐይቁ በፈረስ ስወርድ ልጓሙን የያዙት ሰው ተራቸው እስኪደርስ ቀናት መጠበቃቸውን ነገሩኝ። አላማረሩም፤ ሕጉ የራሳቸው ነውና። ከዚያ ግንባታ ወደሚካሄድበት ወገን በአገጫቸው እያመለከቱ «ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ሲያልቅ ተራውን የሚያወጣው ማነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያ ግንባታ በ2012 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው «ገበታ ለሀገር» ነው። ለጎርጎራ፣ ለወንጪና ለኮይሻ 3 ቢሊዮን ብር ለማሰባሰብ ታቅዶ የተጀመረ ሥራ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከ32 አገሮች ከመረጣቸው 44 መንደሮች አንዷ ወንጪ ሆነች። ደስ ይላል፤ መንገድ መጥረጉንም ማረፊያ መሠራቱንም የምነቅፍ ሰው አይደለሁም። ልብ በሉ ግን፤ የተሸለመው ሎጅ ሳይሆን መንደር ነው። መንደር ማለት ደግሞ ሰው ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ከመግቢያና ከማረፊያ ገቢ የነዋሪው ድርሻ በቃል ሳይሆን በውል ይጻፍ፤ ሒሳቡም በየዓመቱ በቀበሌው ሕዝብ ፊት፣ በቋንቋው ይነበብ። ሐይቅ ዳር አጥር ከመተከሉ በፊት ከብቱን ውኃ የሚያጠጣው ይጠየቅ። የፈረስና የጀልባ ተራ የሚያወጣው ማኅበሩ እንጂ የሎጅ ሥራ አስኪያጅ አይሁን።

«መጀመሪያ ሰላም ይምጣ» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በምዕራብ ኦሮሚያ የተነሣው ውጊያ ወደ ምዕራብ ሸዋም ዘልቆ ስንቱን መንገድ ዘግቷል። ነገር ግን ሰላምን በጥበቃ ኬላ ብቻ የምናመጣው ከመሰለን ከጊንጪ ምንም አልተማርንም። መንገድን የሚጠብቀው ከመንገዱ የሚኖር ሰው ነው።

እኛ ከተሜዎችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ቅዳሜ ሄደን ፎቶ ተነሥተን፣ የፕላስቲክ ጠርሙሳችንን ገደሉ ላይ ጥለን፣ የፈረሱን ሒሳብ ተከራክረን እንመለሳለን። በሚቀጥለው ጉዟችን ከውኃው ቀለም በፊት አንድ ጥያቄ እናስቀድም፤ እዚህ ተራው የማን ነው?