መግለጫና ደብዳቤ

በዘመናችን በቤተ ክርስቲያን ስም የሚነበበው መግለጫ እጅግ በዝቷል፤ አባት ለአባት የሚጽፈው ደብዳቤ ግን ተመናምኗል። ይህ የወረቀት ጉዳይ ነው ብሎ የሚያልፈው ቢኖር ነገሩን በሚገባ አልመዘነውም። በእኛ አስተያየት የአባቶች መለያየት የሚረዝመውም የሚያጥረውም ከእነዚህ ከሁለቱ በየትኛው እንደሚነጋገሩ ታይቶ ነው። መግለጫ ለሁሉ ይነበባል፤ ለማንም ግን አልተጻፈም። ደብዳቤ ከመጀመሪያው መሥመር ላይ የአንድ ሰው ስም አለበት።

ነገሩን ከቋንቋችን እንነሣና እንመርምረው። መግለጫ የሚያወጣ ሰው ባላጋራውን «እነርሱ» ብሎ ቢያልፍ የሚከለክለው የለም። ደብዳቤ የሚጽፍ ግን ገና ብዕሩን ሲያነሣ ይቸገራል። «አንተ» ይበል ወይስ «እርስዎ»? «ለብፁዕ አቡነ» ብሎ ይጀምር ወይስ ማዕረጉን ይዝለለው? «ብፁዕ አባታችን» ያለ እንደ ሆነ፣ ክርክሩን ሳይጀምር የዚያን ሰው ክህነት ተቀብሎለታል ማለት ነው። በመለያየት ጊዜ መግለጫ የሚቀለውና ደብዳቤ የሚከብደው ስለዚህ ነው። የከበደውም ነገር ነው ዋጋ ያለው።

ታሪካችን ሁለቱንም መንገዶች አይቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1555 የኢየሱሳውያን መልእክተኛ መጥቶ የኢትዮጵያን ሃይማኖት በነቀፈ ጊዜ፣ ዐፄ ገላውዴዎስ እምነታቸውን በግዕዝ ጽፈው መልስ ሰጡ። ሰንበትን ስለ ማክበር፣ ስለ ግዝረት፣ የዐሣማ ሥጋ ስላለመብላት የቀረበውን ወቀሳ አንድ በአንድ አንሥተው፣ ይህ ሁሉ አይሁዳዊነት እንዳይደለ አስረዱ። ጽሑፉ እስከ ዛሬ ይነበባል። ዐፄ ሱስንዮስ ግን ከሰባ ዓመት ያህል በኋላ ያንኑ ክርክር በአዋጅ ሊጨርሱት ፈለጉ። አገር በአመፅ ታመሰ፤ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 አዋጁን ራሳቸው ሽረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

አሁን ወደ ራሳችን ዕድሜ እንምጣ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ አራተኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተለዩ፤ በ1984 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ አምስተኛ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። አንዱ ወገን «በፈቃዳቸው ለቀቁ» ሲል፣ ሌላው «ተገደው ወረዱ» አለ። አቡነ መርቆሬዎስ በኬንያ በኩል ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ በዚያም የስደተኛው ሲኖዶስ ተቋቋመ። በ1999 ዓ.ም. በውጭ ያሉት አባቶች ዐዲስ ኤጲስ ቆጶሳት ሲሾሙ ከአዲስ አበባ ውግዘት ተላለፈ። ሃያ ስድስት ዓመት ያህል አንዲት ቤተ ክርስቲያን በሁለት ሲኖዶስ ኖረች።

ይህ መከፋፈል የጳጳሳት ብቻ አልነበረም። ከቦሌ፣ ከገርጂ፣ ከአያት ተነሥተው ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ የሄዱ እናቶች፣ እሑድ ጠዋት ነጠላቸውን ከመልበሳቸው በፊት መጠየቅ ነበረባቸው፤ «ያ ደብር የማን ነው? የአገር ቤቱ ነው? የስደተኛው ነው? ወይስ ገለልተኛ?» በቅዳሴው ላይ የሚጠራው የፓትርያርክ ስም መለያ ምልክት ሆነ። ቅዳሴው ያው፣ ጸናጽሉ ያው፣ ቋንቋው ያው ሆኖ ሳለ፣ በአንድ ስም ምክንያት ወንድምና እኅት በተለያየ ደጅ ቆሙ።

በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዕርቅ ሲወርድ የተፈታው ቋጠሮም ይኸው የስም ቋጠሮ ነበር። ውግዘቱ ከሁለቱም ወገን ተነሣ፤ የሁለቱም ፓትርያርኮች ስም በጸሎት እንዲጠራ፣ አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስ ደግሞ በአስተዳደር እንዲያገለግሉ ተወሰነ። ሐምሌ 25 ቀን አረጋዊው ፓትርያርክ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወርዱ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበላቸው። ባላጋራ የነበሩ አባቶች እርስ በርሳቸው «ብፁዕ» መባባል ችለው ነበርና፣ የቀረው ሁሉ ተከተለ።

ሌላውም ዓለም ይህን ይመሰክራል። በ1054 የሮማው ካርዲናል ሁምበርት የውግዘት ጽሑፍ በቁስጥንጥንያ በቅድስት ሶፍያ መንበር ላይ አኑሮ ወጣ። በእጅ አልሰጠም፤ መልስም አልጠበቀም፤ ስለዚህ ያ ጽሑፍ በእኛ ሚዛን መግለጫ ነበር። ውግዘቱ የተነሣው በ1965 ነው፤ ዘጠኝ መቶ ዐሥራ አንድ ዓመት ፈጀ። የተነሣውም በድንገት አይደለም። ጳጳስ ጳውሎስ ስድስተኛና ፓትርያርክ አቴናጎራስ በ1964 በኢየሩሳሌም ተገናኝተዋል፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በሁለቱ መንበሮች መካከል ደብዳቤ ሲመላለስ ቆይቷል። እነዚያ ደብዳቤዎች በ1971 ተሰብስበው በመጽሐፍ ታትመዋል። ዛሬ ማንም ተማሪ አውጥቶ ሊያነባቸው ይችላል።

«ደብዳቤ ምን ያደርጋል? በኅዳር 2005 ዓ.ም. በዳላስ ተነጋግረው አልነበረምን? ሳይስማሙ ቀርተው በዚያው ዓመት ስድስተኛ ፓትርያርክ አልተመረጠምን?» የሚሉን ጓደኞች አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ከአምስት ዓመት በኋላ በዋሽንግተን የተቀመጡት ሰዎች ከባዶ አልጀመሩም። ማን ምን እንደሚጠይቅ፣ የትኛው ቃል እንደሚያስቀይም፣ የትኛው እንደሚያለዝብ ከቀደሙት ንግግሮች ተምረው ነበር። ያልተሳካ ደብዳቤ መንገዱን ይጠርጋል፤ ያልተሳካ መግለጫ ግን ቂም ብቻ ትቶ ያልፋል።

ይህን የምንጽፈው ያለፈውን ለማድነቅ አይደለም። በጥር 2015 ዓ.ም. በወሊሶ ከሲኖዶስ ውጭ በተደረገው ሹመት ምክንያት ውግዘት ተላልፎ፣ በየካቲት ወር ስምምነት እስኪደረስ ድረስ አገር ምን ያህል እንደ ተጨነቀ ሁላችን እናስታውሳለን። የትግራይ አባቶች ወቀሳ ደግሞ ከዚህ ይለያል፤ በጦርነቱ ጊዜ ዝም ተባልን የሚል ነው። ስልክ ተቋርጦ፣ ባንክ ተዘግቶ፣ መንገድ ታጥሮ በነበረበት ጊዜ፣ «እንዴት ሰነበታችሁ? በሕይወት አላችሁን?» የምትል የሁለት መሥመር ደብዳቤ ምን ያህል በከበደች ነበር! በሐምሌ 2015 ዓ.ም. አቡነ ማትያስ ወደ መቐለ ሄዱ፤ የዚያ አህጉረ ስብከት አባቶች ግን አልተቀበሏቸውም፤ በዚያው ወር በአክሱም ዐዲስ ኤጲስ ቆጶሳት ተሾሙ። ከረጅም ዝምታ በኋላ የመጣ እግር እንኳ ዘገየ ተባለ።

እኛ ተማሪዎችስ? በየግቢው የማኅበር መግለጫ እንጽፋለን፤ በአንድ ክፍል አብሮን የሚተኛውን ልጅ ግን «ምን አስከፋህ?» ብለን ለመጠየቅ እንፈራለን። ጳጳሳቱን ለመውቀስ የምንቸኩለውን ያህል፣ ይህንንም ልብ ልንለው ይገባል።

ስለዚህ አንድ ሥራ እናቀርባለን። ከ1984 እስከ 2010 ዓ.ም. በአገር ውስጥና በውጭ ባሉ አባቶች፣ በካህናትና በሽማግሌዎች መካከል የተላላኩት ደብዳቤዎች ዛሬ በየሰው ቤት፣ በየሳጥኑ ውስጥ ናቸው። አቡነ መርቆሬዎስ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ዐርፈዋል፤ ሌሎቹም ምስክሮች አርጅተዋል። የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች የሆንን፣ ከቦሌ መድኃኔ ዓለም ጀምሮ በየሰፈራችን ያሉትን ካህናት ቀርበን፣ በፈቃዳቸው ቅጅውን እንለምናቸው። ምስጢር ያለበት ቢሆን ባለቤቱ የሚወስነው ዘመን እስኪያልፍ ታሽጎ ይቀመጥ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስድስት ኪሎ ነው፤ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብትም ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ ቦታ አይጠፋም።

በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ከዚያ ዘመን እስካሁን በይፋ የወረስነው ውግዘቱን ነው። የሚቀጥለው ትውልድ መለያየት ሲያጋጥመው፣ አባቶቹ ተጣልተው ሳሉ እንኳ እንዴት «ብፁዕ ወንድሜ ሆይ» ተባብለው እንደ ጻፉ የሚያነብበት ነገር እንዲያገኝ፣ ሥራውን በዚህ ዓመት እንጀምር።